በቃል የተሰጠ ፈቃድ

አዋሽ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለሀብተ ሥላሴ
ሰመራ

ሀብቴ፣

ጤናህ እንዴት ነው? የሰመራ ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? እኔ ደኅና ነኝ፣ ሰው ደኅና ነኝ እንደሚለው። ይህ ደብዳቤ ቁጥር የለውም፣ ማኅተም የለውም፣ ግልባጭም የለውም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ ስጽፍ ኖሬ ለገዛ ባሌ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ስለዚያ ነገር በስልክ እንዳላነሣ ስላዘዝከኝ ወረቀት ያዝኩ። አንተም እንደሆነ ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር አታምንም።

የሚያደርስልህ ጎረቤታችን አለባቸው ነው። ጭነት ሊያመጣ ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ሰመራ ላይ ይቆምልኛል፤ ዛሬ ከሰዓት ከተነሣ ነገ ጠዋት እጅህ ይገባል። የደም ግፊት ክኒንህን አብሬ ልኬያለሁ። ጠዋት ጠዋት አንድ፣ ከምግብ በኋላ። ጨው ቀንስ ብልህም አትሰማኝ። በፌስታል የተጠቀለለው ደግሞ ቡትስ ጫማህ ነው፤ ሹመቱ ሲመጣ አልጋ ሥር ጥለኸው የሄድከው። ለምን እንደላክሁት ኋላ እነግርሃለሁ።

ለስድስት ወር ብለህ ሄደህ ዐሥራ ስምንተኛውን ይዘሃል። እሱን ዛሬ አላነሣም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደኑን በእግሬ ዞሬ አየሁት። አንተ ከቃጠሎው ወዲህ ያየኸው አንድ ቀን ነው፣ እሱንም ከመኪና ሳትወርድ፤ ስለዚህ ልንገርህ። ከወንዙ ዳር እስከ ኮረብታው ያለው ግራር ቆሞ ሞቷል። ቅርንጫፉን ስትነካው እጅህ ላይ ይረግፋል። ኤሊዎቹ ወደ ውኃው ሲሸሹ መንገድ ላይ ቀርተው ባዶ ቅርፊታቸው ተደርድሯል። ኤሊ ደግሞ ምን ያህል ሊሮጥ ነው። በሱጉም፣ በመጋቢትና በሚያዝያው ዝናብ፣ የበቀለ አረንጓዴ ነገር ከሩቅ አየሁና ደስ ብሎኝ ቀረብኩ፤ ፕሮሶፒስ ሆኖ አገኘሁት፣ አፋሮቹ የደርግ ዛፍ የሚሉት እሾህ። ቢቆርጡትም ቢያቃጥሉትም ከሥሩ የሚመለሰው እሱ ነው። በሪፖርትህ «ደኑ በማገገም ላይ ይገኛል» ያልከው ይህንን ከሆነ፣ አዎ፣ አገግሟል።

አዲስ ተመድበን የመጣን ጊዜ ይህን ደን ዛፍ በዛፍ ያሳየህ ማን እንደሆነ ታስታውሳለህ? ሙሐመድሰዒድ ነው። ከደኑ ጥግ ካለችው መንደራቸው ድረስ ወስዶ ወተት ያጠጣን፣ ስንጠፋ የፈለገን። ዳጉንም ያስተማረን እሱ ነው። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ሰላምታ ብቻ ተለዋውጦ አያልፍም፤ ቁጭ ብሎ ያየውን፣ የሰማውን፣ ያደረገውን፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይነጋገራል። «በዳጉ የዋሸ ሰው ምን ይደረጋል?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ምንም። ከዚያ ወዲያ ወሬ የሚጠይቀው የለም» አለኝ። እኔ ይሄም ቅጣት ሆነ ብዬ ሳቅሁ። አንተ አልሳቅክም። ያኔ ከእኔ ይልቅ አንተ ይገባህ ነበር።

ያኔ የምትሠራውንም ታውቅ ነበር። በየዓመቱ ኅዳር ላይ፣ ሣሩ ግማሽ እርጥብ ሳለ፣ ይህንን ቡትስ አጥልቀህ ከሙሐመድሰዒድ ጋር ትወጣለህ። ነፋስ በሌለበት ጠዋት በደኑ ዳር ዳር ሣሩን በቀጭኑ ታቃጥላላችሁ። ከዚያ ከብት ይገባና የቀረውን ይግጠዋል። በጋ ላይ እሳት ቢነሣ እዚያ ባዶ መሬት ላይ ሲደርስ የሚበላው አጥቶ ይሞታል። «እሳትን በእሳት ካላጠርከው አይታጠርም» ትለኝ ነበር፣ ጥላሸትህን እያጠብኩልህ።

ከዚያ ፕሮጀክቱ መጣ። «እሳት አልባ ደን» ተባለ። ማቃጠል ክልክል፣ ከብት ማስገባት ክልክል። የነሙሐመድሰዒድ መንደር ሽማግሌዎች «ኅዳር ሳያልፍ እናቃጥል» ብለው በጣት አሻራ ፈርመው ያስገቡትን ማመልከቻ ለአንተ የላክሁት እኔ ነኝ፤ «ጥያቄያችሁ ከዕቅዱ ጋር ስለማይጣጣም ተቀባይነት የለውም» የሚለውን መልስህንም የጻፍኩት እኔው ነኝ። አንተ ፈረምክ። ሁለት ክረምት ሣሩ አደገ፣ እስከ ደረታችን ደረሰ። እንግዶችህ ፎቶ ተነሡበት። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ለካስ ለበሬ ብቻ አይደለም። አንተ ግን ገደሉንም ታውቀው ነበር። ከሁሉ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው፤ ባታውቅ ኖሮ ይቅር እልህ ነበር።

የካቲት 25 እሳቱ ሲነሣ ቢሮ ብቻዬን ነበርኩ። የተነሣው አንተ ከፈቀድክላቸው ከከሰል አክሳዮቹ ጉድጓድ ነው፤ ይህንን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ሰባት ጊዜ ደወልኩልህ፤ ስብሰባ ላይ ነበርክ። ሙሐመድሰዒድ እየሮጠ መጣ። ረመዳን ነው፣ ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እኔም ጾም ላይ ነበርኩና ውኃ ጠጣ ብዬ አልለመንኩትም።

«ስንቅነሽ፣ ነፋሱ ወደ መንደራችን ዞሯል። ወላሂ ግማሽ ሰዓት የለንም። ከፊቱ ያለውን ሣር እኔ ልብላው» አለ። አስቀድሜ ላቃጥለው ማለቱ ነው። «ሕጉ ክልክል ነው ይላል። አንቺ ምን ትያለሽ?»

«አቃጥል። እኔ አለሁ» አልኩት።

አቃጠለ። እሳቱ መጥቶ የተቃጠለው ላይ ቆመ። መንደሩ ተረፈ፣ ትምህርት ቤቱም ተረፈ። በማግሥቱ ክብሪት ሲጭር ያዩት ሰዎች አሉ ተብሎ ተያዘ። መርማሪው «እሳት ለኩሰሃል?» ሲለው «አዎ» አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ቀድሞ ጠበቃ ይል ነበር፤ እሱ ግን ወሬ ተጠየቀ፣ ያደረገውን ተናገረ። ስለ ጉድጓዱም፣ ስለ ነፋሱም፣ ስለ እኔም ሁሉን ነግሯቸዋል። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው «አዎ» ብቻ ነው። «ስንቅነሽን ጠይቋት፣ ትነግራችኋለች» ስላላቸው ወደ እኔ መጡ።

ከመምጣታቸው በፊት አንተ ደወልክ። የዚያን ቀን ስልክህ ይሠራ ነበር። «መዝገብ ላይ ያለውን ብቻ ተናገሪ» አልከኝ። እኔም «በመዝገብ የሰፈረ ፈቃድ የለም» ብዬ ፈረምኩ። እውነት ነው፣ የለም። ማታ ደውለህ «አየሽ፣ አልዋሸሽም» ብለህ አመሰገንከኝ። ትዳር ከመሠረትን ወዲህ እንደዚያ ምሽት ድምፅህን የጠላሁበት ቀን የለም። ራሴን ደግሞ ከዚያ በላይ።

ይኸው ሁለት ወር ተኩል ታስሯል። አንተም በሪፖርትህ «በአርብቶ አደሮች ኋላ ቀር ልማድ የተነሣ ቃጠሎ» ብለህ ጻፍክ። እኔም ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ዝም ብዬ ቢሮ ገባሁ፣ ወጣሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ሚስቱን ኸሊዳን ከገበያ ስመለስ አገኘኋት። እንደ ወትሮው እጄን ሳመች፣ እኔም እጇን ሳምኩ። «ሰላም ነሽ?» አለችኝ፣ «ሰላም ነኝ» አልኳት። ከዚያ መንገዷን ቀጠለች። ሃያ ሁለት ዓመት ኸሊዳ ወሬ ሳትጠይቀኝ አልፋኝ አታውቅም።

«ኸሊዳ፣ ወሬ አትጠይቂኝም እንዴ?» አልኳት ከኋላዋ።

«አንቺ ወሬሽን ለፖሊስ ነግረሽ ጨርሰሻል» አለች፣ ሳትቆጣ። ዞራም አላየችኝ።

መንገዱ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጸያፍ ስድብ ብትሰድበኝ፣ ፊቴ ላይ ብትተፋ ይሻለኝ ነበር። የዚያን ጊዜ የሳቅሁበትን ቅጣት አሁን አወቅሁት።

ሐሙስ ችሎት አለ። ለጠበቃው ነግሬዋለሁ፤ የመከላከያ ምስክር ሆኜ እቀርባለሁ። «አቃጥል ያልኩት እኔ ነኝ፣ እኔ አለሁ ብዬው ሳልገኝ ቀረሁ» እላለሁ። የሽማግሌዎቹን ማመልከቻ ከነመልስህ፣ የከሰሉንም ፈቃድ ይዤ እገባለሁ። እኔን ከሥራ ያባርሩኝ ይሆናል፤ ለጡረታዬ ሦስት ዓመት ቀርቶኛል። አንተንም ከወንበርህ ያወርዱህ ይሆናል። በድንገት እንዳይደርስብህ ብዬ ነው የምነግርህ፤ እንድትከለክለኝ አይደለም። ስልክ ብትደውል አላነሣም።

ችሎቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ነገ ይህን እንዳነበብክ ብትነሣ፣ በሚሌ በገዋኔ አድርገህ ማታውን አዋሽ ትገባለህ። ስለ እሳት አጥር ዳኞቹን እንዳንተ አድርጎ የሚያስረዳ ሰው የለም። ጫማውን የላክሁት ለዚህ ነው። ተረከዙን አስጠግኜዋለሁ፤ የጥላሸት ሽታው ግን አልለቀቀም።

ባትመጣም ክኒንህን ዋጥ። ዛሬ ሚካኤል ነው፣ ሻማ አብርቼልሃለሁ፤ ከክፉ ይጠብቅህ፣ ልብም ይስጥህ።

እንግዲህ ያየሁትን፣ የሰማሁትን፣ ያደረግኩትንም ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩህ። ተራው ያንተ ነው። ሀብቴ፣ አንተስ ምን አየህ? ምን ሰማህ? ምን አደረግክ?

ባለቤትህ
ስንቅነሽ

ግልባጭ፦
ለኸሊዳ፣ በቃል