ጠዋት ብቻ የሚታይ ቤት

ውድ እትዬ፣

እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ያስጻፈችኝ ደብዳቤ ትራሴ ሥር አለ። «ፀሐዩ እንደ ልብ ነው፣ ሰዉ ማር ነው፣ ጎናችን ያለው ቤት ተጠርጎና ተወልውሎ አንቺን ይጠብቃል፤ ሥራሽን ልቀቂና ልጁን ይዘሽ ነይ» ይላል። እሱን ከመላኬ በፊት የራሴን ልጽፍልሽ ፈለግሁ። ሰው ፊት ምላሴ እንደሚተሳሰር ታውቂያለሽ፤ ወረቀት ላይ ይሻለኛል። ትምህርቴን ካቆምኩ ወዲህ እጄ ተበላሽቷል፤ ጽሑፌን ታገሺው።

የመጣን ዕለት ሸለቆው ከዳር እስከ ዳር ፀሐይ ሞልቶት ነበር። ከአውቶቡስ ስንወርድ ሰዎች ሻንጣችንን ከእጃችን ተቀበሉን። ጎረቤታችን አናጢው አልጋችንን ብቻውን ተሸክሞ አስገባልን። ዳቦ ጋጋሪዋ ትኩስ ዳቦ ይዛ መጣች። እማዬ አለቀሰች። እኔ ግን ዓይን ዓይናቸውን አየሁ። እዚያ ከተማ አንድ ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ አብረናቸው የኖርን ሰዎች ስማችንን እንኳ አያውቁም ነበር፤ እነዚህ በምን ዕዳቸው ነው እንዲህ የሚወዱን? ደግሞ ሻይ ሳንጠጣ ስለ አንቺ ጠየቁ። «ትልቋስ መቼ ትመጣለች? ልጇ ዳዴ ይላል?» ሲሉ ጆሮዬ ቆመ።

አከራያችንን በልቤ «እሜት ማለዳ» እላቸዋለሁ። ቤት የሚያሳዩት ጠዋት ብቻ ነዋ። እኛም ቤታችንን ያየነው ጠዋት ነው። ባለፈው አንድ ባልና ሚስት በከሰዓት መጥተው ያንቺን ቤት እንዲያሳዩአቸው ሲለምኑ፣ «ቁልፉ ልጄ ጋ ነው፤ ነገ በጠዋት ኑ» አሏቸው። ቁልፉ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እማዬም ከበሩ ሆና «ጠዋት ነው የሚያምረው» ብላ አከለችበት። ያን ጊዜ ለጨዋታ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልክ እኩለ ቀን ሲያልፍ ከኋላችን ያለው ተራራ ፀሐይዋን ይውጣታል። ክረምት ከበጋ አይልም፣ እኛ ያለንበት በኩል እስከ ማግስቱ ጥላ ነው። ያኔ በሮች ይከፈታሉ። ሁሉም ወንበሩን ይዞ ድልድዩን ይሻገራል። የመጀመሪያ ቀን ሰው የሞተ መስሎኝ በሩቁ ተከተልኳቸው። ወዲያ ማዶ በድንጋይ መሠረት ከፍ ብሎ የቆመ አንድ ረጅም የእህል መጋዘን አለ። ወንዙ ሲሞላ አካባቢውን ስለሚያጥለቀልቀው ሌላ ቤት የለም። ሁሉም ጀርባቸውን ለመጋዘኑ ግድግዳ ሰጥተው ይደረደራሉ። የሚሰፋ ይሰፋል፣ የሚላጥ ይላጣል፣ የሚታማ ይታማል። ፀሐይዋ እስክትጠልቅ እዚያው ናት።

አናጢው አየኝ። «ነይ እንጂ! አፍሽን ለማን አከራየሽው?»

ዳቦ ጋጋሪዋ «ተዋት፣ አንተ የሁላችንንም ድርሻ ታወራለህ» አለችው። ሳቁና ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ግድግዳው ጀርባዬን አሞቀኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝም የባሰ ጠረጠርኩ።

ትናንት እሜት ማለዳ ያንቺን ቤት ሳይቆልፉ ሄዱ። ሁሉም ማዶ ሲሻገር እኔ ገባሁ። ግድግዳው ወተት መስሏል። የልጁ አልጋ ይቆማል የተባለበት ጥግ መዳፌን አሳረፍኩ። ሳነሳው ርጥብ ነበር፤ ነጭ ቀለም ተጣብቆበታል። ቤቱ የተቀባው እኛ ከመምጣታችን በፊት ነው። ሽታው ደግሞ የማውቀው ሽታ ሆነብኝ፤ ያንቺ ክፍል ሽታ። የልጁ ደረት ሲያፏጭ ቀጥ አድርገሽ ታቅፈሽው የምትቀመጪበት ክፍል።

እማዬ ስትመለስ ጠበቅኋት።

«እማ፣ ግድግዳው ርጥብ ነው።»

«ቀለሙ ገና ነው፣ የኔ ልጅ።»

«ቀለም ይህን ያህል ይቆያል?»

መርፌዋን ፈለገች፣ መርፌዋ ግን እጇ ላይ ነበር። የትኛው ግድግዳ ብላ እንኳ አልጠየቀችኝም፣ እትዬ። ስጠረጥር የከረምኩት ጎረቤቶቹን ነበር፤ እናታችንን መጠርጠር ግን በሐሳቤም አልመጣም ነበር።

እዚህ ድረስ ጽፌ፣ ከኋላዋ ሰርቄ መላኩ አላስችል ስላለኝ፣ ምሳ እንደበላን አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

«ጨረስሽ?»

«አዎ።»

«ውሸታም አድርገሽኝ ነው የጻፍሽው።»

«ያየሁትን ነው የጻፍኩት፣ እማ።»

«ታዲያ የልጅ ልጄን ሳላቅፍ ልሙት? ሥራዋ ቅዳሜ የለው፣ እሑድ የለው። እውነቱን ብነግራት ትመጣለች?»

ወንበሯን አንስታ ወጣች። ሌላ ቀን እከተላት ነበር፤ ያን ቀን ግን አልተከተልኳትም።

ሲመሽ ተመለሰች። ወንበሯን ሳታስቀምጥ፣ በሩ ላይ እንደቆመች፣ «ጨምሪበት» አለችኝ። «በከሰዓቱ አውቶቡስ ትምጣ በያት። ቤቱን በጥላው ትየው። ካልሆነላት ለጥየቃም ቢሆን ትምጣ፤ ሥራዋን አትልቀቅ። ማዶ ልጁን በፀሐይ አሟሙቃ ትመለስ። አናጢው ወንበር እየሠራላት ነው በያት፤ ለልጁም ትንሽዬ።»

ፊቷን አጥብቄ አየሁት። ንስሐ ይሁን ማባበያ አልለየሁም። እናታችን ሁለቱንም በአንድ አፍ ማለት ትችላለች። ስለዚህ በነጋታው አናጢው ቤት ሄጄ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጠራ አፌን ከፍቼ፣ «የእህቴ ልጅ ወንበር አለ?» አልኩት።

«እሰይ፣ የአፍሽ ተከራይ ለቀቀ ማለት ነው!» ብሎ ሳቀና ከመጋዝ ብናኙ መካከል አወጣልኝ። እውነት አለ፣ እትዬ። አንድ እግሩ አጥሮ ይንገዳገዳል እንጂ አለ።

የእማዬንም ደብዳቤ አብሬ አሽጌዋለሁ፤ ሁለቱንም አንብቢ። የተናገረችው ፀሐይ ውሸት አይደለም፣ ያለበትን ቦታ ነው ያልነገረችሽ።

ስትመጪ ድልድዩ ጋ እጠብቅሻለሁ። ማንም ሳያናግርሽ እጅሽን ይዤ መጀመሪያ ወደ ነጩ ግድግዳ እወስድሻለሁ፤ ንኪው። ከዚያ ማዶ እንሻገርና የመጋዘኑን ግድግዳ ንኪው። ምንም አልልሽም። እጅሽ ይወስን።

እስከዚያው ልጁን ቀጥ አድርገሽ ያዥልኝ።

ያቺ ዝምተኛዋ ታናሽሽ