አራተኛው የአልጋ እግር

ቅዳሜ

ዛሬም አበላሸው። ሦስተኛው የሱንት ግራር እንጨት ነው። ሲኤንሲዬ፣ በኮምፒውተር የሚታዘዘው መቅረጫ ማሽኔ፣ ጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ አበባ ሲቀርጽ እንከን አይወጣለትም፤ ክብ እንጨት ይዞ እንዲያሽከረክር የገጠምኩለት አዲሱ ማዞሪያ ግን እያሾፈብኝ ነው። አንዱን ጫፍ ወፍራም፣ ሌላውን ቀጭን አድርጎ ይልጠዋል።

አባባ ከፍራሹ ላይ ሆኖ፣ "ደረሰ?" አለኝ።

"ሊደርስ ነው።" ዋሸሁት።

ዕድሜውን ሙሉ በገመድ በሚሳብ የእጅ ቶርኖ የአንገሬብ አልጋ እግር ሲሠራ የኖረ ሰው፣ ዓይኑ ጠፍቶ፣ የራሱ አልጋ አንድ እግሩን ምስጥ በልቶት በጡብ ቆሟል። ሐኪሙ "ቤት ውሰዱት" ካለን ወዲህ የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው። "በራሴ አንገሬብ ተሸክማችሁ ቅበሩኝ። የመስጊዱን ቃሬዛ አልፈልግም።"

ወንድሜ ሰኢድ ከሱቅ እግር እንግዛ አለ። ተጣላን። ከሱቅ የመጣ እግር ከአባባ ሦስት እግሮች ጋር ሊቆም!

እሑድ

የሠራሁት፦ የሞተሩን ብሎን አጠበቅሁ። ቀበቶውን ወጠርኩ። ፕሮግራሙ ላይ የአንድ ዙር ቁጥሩን እንደገና አሰላሁ፤ ተሳስቼ ነበር። አሁን እግሩ ላይ የሚቀረጸው ቀለበት ዞሮ መነሻው ላይ ይገጥማል። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

መቅጠኑ ግን አልቀረም። ከቀትር በኋላ ከህረባ፣ መብራቱ፣ ሄደ።

አባባ ሁለት ማንኪያ አጥሚት ብቻ ቀመሰ።

ሰኞ

አፍሬ አፍሬ የተበላሸውን እግር እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ከላይ እስከ ታች በአውራ ጣቱ ሄደበት።

"ሹሎቹን አሳስመሻቸዋል?"

"በሜትር ለካሁ እኮ።"

"ሜትሩን ተይው ሰሚራ። እንጨቱን አውጪና ግራና ቀኝ የሚይዙትን ሁለቱን ሹሎች አፍ ላፍ አምጪያቸው። እነሱ ሳይሳሳሙ እንጨት አይያዝም።"

እንጨቱን ነክሶ የሚያዞረው ማንደሪኖ ላይ ሹል ብረት አስሬ የወዲያኛውን ጫፍ ሹል አስጠጋሁት። ተላለፉ። ልዩነቱ የግማሽ ማሽላ ፍሬ ታህላለች። ሥሩ ቆርቆሮ አስገብቼ አነሳሁት። ተሳሳሙ።

ማሽኑ አጠገብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በልጅነቴ የእጅ ቶርኖውን ላስተምርሽ ሲለኝ፣ "ጊዜ ያለፈበት ነው" ብየዋለሁ። ሳቀ እንጂ አልተቀየመኝም። ብቀጣ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ

አለቀ! ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል፣ ቀለበቶቹም በቦታቸው።

ለመግጠም አልጋውን ፈታነው። አንዱን አሮጌ እግርና አዲሱን፣ የቱ የቱ እንደሆነ ሳልነግረው፣ ሁለት እጁ ላይ አደረግሁለት። ብዙ ደቂቃ ዳሰሳቸው። ከዚያ አዲሱን ወደ ደረቱ ሳብ አደረገው።

"ይቺ የኔ ናት።" አሮጌውን መለሰልኝ። "ያንቺይቱ ትንሽ ትሻክራለች። ግን ትሸከመኛለች።"

አላረምኩትም። ሰኢድ ፊቱን አዞረ። ገጥመን አባባን አልጋው ላይ መለስነው።

ሐሙስ

ትናንት ጠዋት አረፈ። አልሐምዱሊላህ፣ ሳይሰቃይ።

እዚህ ሴት መቃብር አትሄድም። ሲያነሱት የኔዋ እግር ያለችበትን ማዕዘን ያዝኩ። አንድ ሽማግሌ ሊቆጡ ሲሉ ሰኢድ፣ "እስከ በር ብቻ፣ ያ ዓሚ፣ እስከ በር ትያዝ" አላቸው። እስከ በር ያዝኩ። ከዚያ የሰው እጅ ተቀበለኝ።

ማታ አልጋውን ባዶውን መልሰው ግድግዳው ጥግ አቆሙት።

"ዘመመ?" አልኩት ሰኢድን።

"ለሶላቱ ስናሳርፈው ቀጥ አለ።"

አባባ ያን ዕለት አዲሷን "የኔ ናት" ያለው ተሳስቶ ይሁን አውቆ፣ አላወቅሁም። ረቡዕ ጠዋት ልጠይቀው ነበር፤ አልደረስኩም። ዛሬ እንግዳው ሲቀንስ አልጋውን ወደ ራኩባው ዳስ ጥላ አወጣሁትና ጋደም አልኩበት።

አልዘመመም።