የጋሻዬ ደም ጉዞ

ጥቅምት 4

ሆቴሉ ጭር ብሏል። እንግዳ መቀበያው ላይ ቁጭ ብዬ ዋልኩ።

ከሰዓት ዶክተር ዙልፋ ከአዲስ አበባ ደወለች። የወንድሜ የጋሻዬ የደም ካንሰር አገርሽቷል። የታመሙት ቲ ሴል የሚባሉት የደም ሴሎች ናቸው። ላያቸው ላይ ሲዲ አምስት የሚባል ፕሮቲን ካለ፣ እሱን ምልክት አድርጎ የሚገድላቸው ሕክምና ውጭ አገር እየተሞከረ ነው። ጋሻዬን ይቀበሉታል። ከሌለ ግን አይቀበሉትም።

"በከንቱ እንዳይንከራተት መጀመሪያ ደሙን ብቻ ላኩና ይመርመር። ውሎ ካደረ ግን ሴሎቹ ይሞታሉ።"

ጥቅምት 7

ደሙ ተቀዳ። እኔ ሥራ ተረኛ ነበርኩ፤ አባዬ ደሙ ያለባትን የበረዶ ሳጥን ይዘው በባጃጅ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዱ።

አውሮፕላኑ ሄደ። እሳቸው አልደረሱም።

ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ገብተው ኖሯል። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ጸበል ሳጥኗን ይንካት ብለው...

"መንገዴ ላይ ነው። ሳይባረክ እንዴት ልላከው?"

አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ማን ይቆጣቸዋል? ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። በጣም ተናድጄባቸዋለሁ።

ጥቅምት 9

ትናንት ብንልከውም ሴሎቹ ሞተው ደረሱ። ሌላ ደም ይቀዳ ተባለ።

ጥቅምት 10

ደም ሥሩ ጠፋ። ነርሱ ምስጋኑ ደጋግሞ ወጋው። ጋሻዬ አስጎብኚ አይደል? ቀልዱን አይተውም።

"ቤተ ጊዮርጊስ መሰልኩህ እንዴ? ፈለፈልከኝ እኮ።"

ሳቅን። አባዬ አልሳቁም።

ሳጥኗን ልያዝ ብላቸው እምቢ አሉ። አብረን ሄድን። ነአኩቶ ለአብ መገንጠያው ጋ ባለባጃጁ ቀዝቀዝ አደረገ።

"መሪጌታ፣ ላቁም? አይሳለሙም?"

"እለፍ።"

ፊታቸውን እንኳ ወደ ደጁ አላዞሩም። አባቴ ደጅ ሳይሳለሙ ሲያልፉ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ሳጥኗን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ነበር።

አውሮፕላኑ ሳይነሳ ደረስን።

ጥቅምት 13

ምንም የለም። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ዶክተር ዙልፋ መስላኝ እሮጣለሁ።

ጥቅምት 15

ደወለች። ደሙ በደህና ደርሷል፤ ሴሎቹም አልሞቱም። ሲዲ አምስት ግን የለባቸውም።

"ሌላ ሕክምናስ?"

"ተከፍቶ የነበረው በር ይሄ ብቻ ነው፣ እህቴ።"

ጋሻዬ "እሺ" ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ። ቀልድም አልመጣለትም። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁ፤ እውነተኛውን ፍርሃት።

ለአባዬ ነገርኳቸው። ዓይን ዓይኔን እያዩ ጠየቁኝ።

"ልጄ... ሳልሳለም ስላለፍኩ ይሆን?"

"አይደለም አባዬ። በሽታው ነው።"

በሽታው ነው። አውቃለሁ። የመጀመሪያው ቀን በመቆማቸው ስንቱን በልቤ ተናገርኳቸው... አሁን ግን እኔም ምናለ በሁለተኛውም ቆመን ተሳልመን ቢሆን እላለሁ።