የተመለሰው ጊታር

ማክሰኞ፣ ጥር 12

የጠዋት ቆጠራ፦ ኪቦርድ ሦስት። ቤዝ ጊታር አንድ። ስፒከር አራት፣ አንዱ ድምፁ ይሰነጠቃል። ማይክ ሰባት፣ ገመዳቸው የተሟላ አምስት። የተመለሰ ጊታር አንድ።

ያናደደኝ የመጨረሻው ነው። ከዚህ ሱቅ የወጣ ዕቃ ተመልሶብኝ አያውቅም። ሰዎች ይህን የዓረብ አገር ሲለቁ የሚሸጡትን ገዝቼ፣ ፈትሼ፣ ጠራርጌ ነው የምሸጠው። ጉድለት ካለው ጉድለቱን ተናግሬ። ይህን ጊታር ዳዊት የገዛው እዚሁ አል ዛሂያ ሰፈር፣ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብሎ ግማሽ ቀን ከተጫወተበት በኋላ ነው። "ጋሼ፣ ይሄ ነገር ማር ነው" ብሎ አቅፎት ወጣ።

ዳዊት አል አይን ከተማ ውስጥ የጥበቃ ሠራተኛ ነው፤ በዕረፍቱ ቀን ከአንድ ባንድ ጋር ሠርግ ይጫወታል። ትናንት ጊታሩን በሰው እጅ ላከልኝ። መላኩ ባልከፋ። ግን ከመላኩ በፊት የሐበሻ ሙዚቀኞች ግሩፕ ላይ፣ ደንበኞቼ በሙሉ ባሉበት፣ "ከፈለቀ ሱቅ እንዳትገዙ፤ አሮጌ ዕቃ ቀለም ቀብቶ ነው የሚሸጠው" ብሎ ጻፈ። ቀለም! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የጊታር ቀለም ነክቼ አላውቅም።

እስከ ምሳ ሁለት ደንበኛ ቀረ። አንዷ የመዘምራን ኃላፊ ናት፤ ኪቦርድ ልትወስድ ተቀጣጥረን ነበር። "ትንሽ እናስብበት ጋሽ ፈለቀ" አለች። ሦስት ሳምንት ስትከራከረኝ ያላሰበችውን ዛሬ ልታስብ ነው።

ጊታሩን ፈታሁት። ብሪጁ፣ ክሮቹ ታች የሚያርፉበት ብረት፣ ጠሞ ቆልመም ብሏል። ከእንጨቱ ጋር ከሚይዙት ስድስት ብሎኖች የዳርና የዳሩ እንጨቱን ቦጭቀው ወጥተዋል። ከብረቱ ስር ጭረት አለ፣ አንድ ነገር እንደ ጎረጎረው። በመጫወት ብቻ እንዲህ አይሆንም። ደወልኩለትና ምን እንዳደረገበት ጠየቅሁት።

"ምንም! ዘፈን መሃል ቅኝቱ ይወርዳል፤ አጠብቀዋለሁ። ከዚያ ደግሞ ይወጣል፤ ክር ይበጥሳል። በሰው ፊት አዋረደኝ እኮ፣ ጋሼ።"

አንተስ እኔን የት ነው ያዋረድከኝ አልኩት። "እሁድ ሌላ ሠርግ አለብን" አለ፣ አሁን በቀጭን ድምፅ።

ብሪጁን እቀይርልሃለሁ አልኩ። አዝኜለት አይደለም። ይህ ጊታር እሁድ እንደገና ሰው ፊት ከከዳው ስሜን የሚያነሳልኝ የለም።

ረቡዕ፣ ጥር 13

ምን ዓይነት ብሪጅ ይሁን? አሮጌው ከኋላ በሞላ ተወጥሮ፣ ከእንጨቱ ከፍ ብሎ የሚንሳፈፍ ነው፤ በእጀታ ሲጫኑት ድምፁን ያወዛውዛል። እሱኑ መመለስ ይቻላል። ክሩን የሚቆልፍ ትልቅ ዓይነትም አለ፤ የጊታሩን ገላ መቁረጥ ይጠይቃል፣ አልነካውም። ሌላው መንገድ በስድስት ብሎን የሚታሰር አዲስ አምጥቶ እንጨቱ ላይ ልጥፍ አድርጎ ማስተኛት፣ ከኋላ እንጨት ሸጉጦ ጨርሶ እንዳይነቃነቅ ማድረግ ነው።

እጀታውን ትጠቀምበታለህ ወይ ብዬ ዳዊትን ጠየቅሁት።

"የቱን እጀታ?"

ከጊታሩ ሣጥን አውጥቶት እንኳ አያውቅም። ተወሰነ፤ የማይነቃነቅ ይሆናል።

ከመጀመሪያው ብሎን እስከ ስድስተኛው ለካሁ፦ አምስት ሴንቲ ከስድስት ሚሊ። መዲናት ዛይድ ሰፈር ወዳለው የዕቃ መለዋወጫ ሱቅ ቁጥሩን ይዤ ሄድኩ፤ አሮጌውን ብረት ግን አልያዝኩም። ሌላ ሰው ቢያደርገው እስቅበት ነበር። ባለሱቁ ቁጥሬን ሳያይ "ሴም ሴም፣ ሳዲቅ" አለ። ሁሉም አንድ ነው፣ ወዳጄ ማለቱ ነው። ማሸጊያው እንደታሸገ ሰጠኝ። እኔም ነጋዴው፣ ሰው ሲለካ ቆሜ የማየው፣ አምኜ ወሰድኩ። ሱቄ ከፍቼ ስለካው ሦስት ሚሊ ተኩል ይጠባል። በአንዱም ቀዳዳ አይገጥም። ሴም ሴም!

ከራት በኋላ ባለቤቴ ወይንሸት ሶፋው ላይ ስልኳን እያየች ትስቃለች።

"አንተ ፈለቀ፣ ና እይ። ጊታርህን እያጎረሱት ነው።"

ባለፈው ሳምንት አል አይን የተደረገ የሠርግ ቪዲዮ ነው። ዳዊት ቆሞ ይጫወታል፣ ያልበዋል። የሙሽራው አባት መጡና ገንዘብ ግንባሩ ላይ ለጠፉ። ወደቀ። አነሱና ደገሙ። ወደቀ። የዚህ አገር አዲሱ ገንዘብ ፕላስቲክ ነው፤ ላብ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይጣበቅም። በሦስተኛው አባትየው ገንዘቡን አጠፉና ብሪጁ ስር፣ ከእንጨቱ ጋር ባለው ክፍተት ሸጎጡት። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ ብልሃቱንም ተማረ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ እዚያው ነው የሚሸጉጠው። ዘፈኑ ሲያልቅ አንዱ ሚዜ አጎንብሶ፣ በመኪና ቁልፍ ጎርጉሮ፣ ገንዘቡን ፈልቅቆ አወጣ።

ያ ጭረት የቁልፍ ነበር!

ነገሩ ግልጽ ነው። ገንዘቡ ሲገባ ብሪጁን ከኋላ ያነሳዋል፣ ክሩ ይረግባል። ዳዊት ያጠብቃል። ገንዘቡ ሲወጣ ብሪጁ ይመለሳል፣ የጠበቀው ክር ከልክ በላይ ይወጠራል፤ ይበጠሳል። በዚያ ላይ ቁልፉ። ብረት ነው፣ ምን ያድርግ? ቀለም የቀባሁት እኔ ነኝ እንግዲህ።

ለዳዊት የምጽፈውን ስድብ ወይንሸት በትከሻዬ አሻግራ አየችና "አጥፋው። ቪዲዮውን ብቻ ላክለት" አለች። ላክሁለት።

ሐሙስ፣ ጥር 14

ሱቁ ሲከፈት መዲናት ዛይድ ነበርኩ፣ ዛሬ አሮጌውን ብረት ይዤ። ባለሱቁ "ኦፕን፣ ኖ ሪተርን" አለ፤ የተከፈተ አይመለስም። አልጮህኩም። ሁለቱን ብረቶች መስታወቱ ላይ አንዱን ባንዱ ላይ አስቀመጥኩና ሰው እስኪገባ ጠበቅሁ። ሁለት ወጣቶች ገቡ። ብረቶቹን አሳየኋቸውና "ይኼ ሴም ሴም ነው?" አልኳቸው። ሳቁ። ባለሱቁ "ኸላስ፣ ኸላስ!"፣ በቃ በቃ ብሎ ትክክለኛውን አወጣ። አሁን ራሴው ለካሁ። ደስ አለኝ፣ ለአስር ደቂቃ።

ከዚያ ዳዊት ደወለ።

"ጋሼ፣ የሙሽራው አባት ናቸው እኮ! እንዴት አድርጌ እምቢ ልበላቸው?"

"ኪስ የለህም?"

"እጆቼ ጊታሩ ላይ ናቸው።"

እውነቱን ነው። ገንዘቡን በእጁ አለመቀበሉ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ ግሩፑ ላይ መጻፉ ነው። የጻፍከውን አንሳ፣ እውነቱን ጻፍ አልኩት። አይሆንም አለ። ሰውየው ግሩፑ ውስጥ አሉ፤ የአል አይን ሠርግ ሁሉ በእሳቸው በኩል ነው የሚመጣው፤ እንግዶቹ ጊታር ሰበሩ ብሎ ከጻፈ ባንዱን ዳግም የሚጠራው የለም። እንዲህ ነው ሂሳቡ! የእሳቸው ስም ስለሚከብድ አይነካም፤ የእኔ ስለሚቀል ይጣላል። ስልኩን ዘጋሁ።

ከሰዓት ጀማል መጣ፣ የሕንፃችን የጥገና ሠራተኛ፤ ድሪሉን ይዞ።

"ጋሽ ፈለቀ፣ እኔ በር እንጂ ጊታር ጠግኜ አላውቅም።"

"በር ነው ብለህ አስብ።"

የተቦጨቁትን ሁለት ቀዳዳዎች አስተካክሎ ሰፋ አደረጋቸው። ከተሰበረ የኮት ማንጠልጠያ ጠንካራ እንጨት ቆርጠን፣ ኮላ ቀብተን፣ በመዶሻ ቀስ አድርገን አስገባን። ከላይ ያለችው ጎረቤት ወርዳ ግድግዳ እያፈረሳችሁ ነው ወይ አለች። ጀማል ጊታሩን ከፍ አድርጎ አሳያት። ይበልጥ ተናደደች።

ኮላው እስከ ነገ ይድረቅ።

ዓርብ፣ ጥር 15

ግሩፑ ላይ አንድ የማላውቀው ሰው "እኔም ስለዚህ ሱቅ ሰምቻለሁ" ብሎ ጽፏል። ከማን ሰማህ? ከዳዊት። ዳዊት የጻፈውን አንብቦ ለዳዊት ምስክር ሆነ! መልስ ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። እንደገና ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ከሚናደድ ነጋዴ ማንም አይገዛም።

ጀማል ከጁምዓ መልስ መጣ። አዲሶቹን ቀዳዳዎች በቀጭን መብሻ ከፈትን፤ ብሎኖቹን ሳሙና አስነካሁና በእጅ፣ በካቻቢቴ አሰርኳቸው። ብሪጁ እንጨቱ ላይ ተኛ። ከኋላ የሸጎጥኩት እንጨት በመጀመሪያ ቀጠነ፤ ክር ስወጥር ብረቱ ጠቅ ጠቅ ይላል። ሌላ ቆረጥኩ፤ ወፈረ። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁት፣ ሞከርሁ፣ ፈገፈግሁት። በመጨረሻ ቀጥ አድርጎ ያዘ። ከዚያ የእያንዳንዱን ክር መቀመጫ ወደፊት ወደኋላ እያደረግሁ፣ ክሩ ክፍቱን ሲመታና መሃሉ ተይዞ ሲመታ ድምፁ እስኪገጥም ድረስ አስተካከልሁ። ወገቤ ሄደ።

ዋናውን ፈተና ጀማል አደረገው። ከኪሱ ገንዘብ አውጥቶ አጠፈና ብሪጁ ስር ለማስገባት ታገለ። በጎን ሞከረ። በጥግ ሞከረ። አይገባም።

"አሁን እንግዳው የት ይሸጉጥ?" አለኝ።

"አፍንጫው ውስጥ።"

ክሮቹን በኃይል ሳብኩ፣ ለቀቅሁ፤ ቅኝቱ አልተናጋም።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ጠዋት ጊታሩን አነሳሁ። ማታ እንደተውኩት ነው፤ አንድም ክር አልወረደም።

ግሩፑን ከፈትኩ። ዳዊት ጽፏል፦ "የጊታሩ ችግር ተፈቷል።" በቃ። ማን ፈታው? ችግሩስ ምን ነበር? እንዲህ ሲጻፍ ፈለቀ ቀለሙን ፋቀ ማለት ነው የሚመስለው! ደወልኩ። ሰውየውን አትንካ አልኩት፣ እንግዳውንም አትንካ፣ ገንዘቡንም አታንሳ። "ስገዛው ደህና ነበር" ብለህ ብቻ ጻፍ። እውነት ነው፣ ማንንም አይነካም።

"እሱን እችላለሁ" አለ። እንዲያ ብሎም ግማሽ ቀን ፈጀ።

ከምሳ በኋላ ወጣ፦ "ጊታሩን ከጋሽ ፈለቀ ስገዛው ደህና ነበር። ስለ ቀለም ያልኩት ልክ አይደለም፤ ይቅርታ።" ሦስቴ አነበብኩት። ቀድመው የመለሱት የሙሽራው አባት ናቸው፦ "ታዲያ ማን አበላሸው፣ ልጄ?"

ወይንሸት ስቃ ስቃ እንባዋን ጠረገች። እኔ አልሳቅሁም፤ አሁንም ያናድደኛል። ይቅርታውን ማን እንደሚያየው፣ ነገ ሠርጉ ላይ እንግዳው ምን ሌላ ብልሃት እንደሚያመጣ አላውቅም።

አመሻሹ ላይ የመዘምራን ኃላፊዋ ደወለች። ኪቦርዱ አለ ወይ አለች። አለ አልኳት፤ ማሰቡ ካለቀ ሰኞ ኑ።

ነገ፦ በጠዋቱ የአል አይን አውቶቡስ። ጊታሩ፣ ትርፍ ክር፣ ካቻቢቴ። ትንሽ ዘንቢልና ገመድ፤ ገንዘቡ የሚጣልበት፣ ከማይኩ ማቆሚያ ላይ የሚታሰር።