ለልብስ ሰፊዋ እህቴ የሠራሁት መተግበሪያ

ጥቅምት 6
ዝናቡ አባራ። ልብስ አጠብኩ። ከምሳ በኋላ የመተግበሪያ ሥራ ትምህርቱን ቀጠልኩ። አንድ ቅንፍ ሳልዘጋ ቀርቼ ፕሮግራሙ አልነሳ አለ። ዕድሜ ልኬን የተማሪ ስሕተት በቀይ ሳርም ኖሬ፣ አሁን ኮምፒውተሩ የእኔን በቀይ ያሰምርበታል። ይበለኝ።

እህቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ ሳቀችብኝ። ሳቋ አለ። የጠፋው ቃሉ ነው። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ከረጋ ወዲህ ሁሉን ትሰማለች፣ ሁሉን ትረዳለች፤ አፏ ላይ ሲደርስ ግን... የለም። እጇ ተመልሶላታል፤ ትሰፋለች። ሥዕል ስትነካ የሚናገርላት ነገር ስልኳ ላይ ልሠራላት ነው። በዚህ ዕድሜ... እችል ይሆን?

ጥቅምት 15
ውሃ። መድኃኒት። አመመኝ። በረደኝ። የእነዚህን ቃላት ድምፅ ራሴ ቀዳሁ፤ ቀስ ብዬ፣ ጥርት አድርጌ። የድምፅ ፋይሎቹን ስም በአማርኛ ብጽፍ እንቢ አለኝ፤ የላቲን ፊደል ካልሆነ አይቀበልም። እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።

ጥቅምት 19
ስልኳ ላይ ጫንኩት። ስልኩ "ከማይታወቅ ምንጭ የመጣ ነው፤ ይጠንቀቁ" አለ። አንድ ጡት ጠብተን አድገን፣ እኔ የማይታወቅ ምንጭ!

"ውሃ"ን ነካች። ድምፄ ወጣ፤ ክፍል ውስጥ የቃል ጽሕፈት የማስጽፍበት ድምፅ። እርሳስ እንደያዘ ልጅ ጎንበስ ብላ አየር ላይ ጻፈችልኝ። እስኪያመን ሳቅን። ከዚያ ስልኩን ከጨርቆቹ ሥር ከተተችው።

ጥቅምት 23
አላወጣችውም።

ጥቅምት 24
አንዲት ደንበኛ ቀሚስ ልትለካ መጣች። የምትለካት እህቴ፣ ሴትዮዋ የምታየው እኔን።
"እትዬ፣ እጅጌው ይጠርልኝ ይበሏት።"
"ይጠርላት" አልኩ።
"ለቅዳሜ ይደርሳል?"
"ይደርሳል" አልኩ።
እህቴ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። በጣቷ ደረቷን መታ መታ አደረገች። እኔ... እኔ... ማለቷ ነው። ሴትዮዋ ደነገጠች። እኔም።

አመሻሽ ላይ የእህቴ ልጅ ከምትሠራበት አገር ደወለች። ነገርኳት።
"አክስቴ፣ እማዬ ለምን ውሃ ትለምናለች? ተነሥታ ትቀዳ የለ!"
"ታዲያ ምን ላስገባላት?"
"ዋ! ደንበኞቿን የምትነዘንዝበትን ነዋ! ደግሞ በአንቺ ድምፅ? እማዬ ተማሪሽ ናት እንዴ?"
የልጅቷ ድምፅ የእናቷ ቁርጥ ነው። እሷ ልትቀዳው ተስማማን።

ኅዳር 2
ድምፆቹ ደረሱ። "ስለካሽ ሆድሽን አትደብቂኝ።" "ቅዳሜ ነይ፤ ካረፈድሽ ለሌላ እሰጠዋለሁ።" "ይህ ቀለም ያስረጅሻል።" "እሷን ተያት፤ እኔን ጠይቂኝ።"
የመጨረሻውን ያስቀዳኋት እኔ ነኝ።
"እሷ ማን ናት?" አለችኝ ልጅቷ።
"እኔ" አልኳት።

ኅዳር 5
ኮምፒውተሩ ላይ ይሠራል። ስልኳ ላይ ይከፈትና ይዘጋል። ለምን?

ኅዳር 7
ድምፆቹ ለአሮጌው ስልኳ ከብደውት ኖሯል። አሳነስኳቸው። ሠራ! እህቴ አንድ በአንድ ሁሉንም ሰማች። ከዚያ ስልኩን ጉንጯ ላይ አስደግፋ እንደገና ሰማች።

ኅዳር 9
ልጇ በቪዲዮ ደወለች፤ እንደ ልማዷ በእኔ ስልክ።
"አክስቴ፣ እማዬ እንዴት ናት? በላች? ትከሻዋስ ተሻላት?"
አፌን ልከፍት ስል፣ ከስፌት መኪናው በኩል፦ "እሷን ተያት፤ እኔን ጠይቂኝ።"
የልጅቷ የራሷ ድምፅ ነው፣ የተናገረችው ግን እናቷ ናት።
"እሺ... እሺ እማዬ። በላሽ?"
እህቴ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ስክሪኑን ጠጋ ብላ አየቻትና ሌላ ሥዕል ነካች። "ይህ ቀለም ያስረጅሻል።"
ልጅቷ የለበሰችውን ሹራብ አየችና ከት ብላ ሳቀች። ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ።

ስልኬን ለእህቴ ሰጥቼ ወጣሁ፤ በሩንም ዘጋሁላቸው። ብዙ ቆዩ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም።