ከቱቦዋ የከበደ መላኪያ

ለምወድሽ እህቴ፣ ለእታለም፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ የጎደለን ያንቺ ናፍቆት ብቻ ነው። ወገብሽ እንዴት ነው? ያ ቀኝ ትከሻሽስ ተሻለው ወይስ ዛሬም ከእንቅልፍሽ ያነቃሻል? ብርዱ በርትቷል ይባላል፤ ጓንቱን እጅሽ ላይ ታደርጊዋለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ኪስሽ ውስጥ ታሞቂዋለሽ? አብራሽ የምትኖረው ልጅስ ፈተናዋን አለፈች? ይህን ሁሉ የምትጠይቅሽ እማዬ ናት። አጠገቤ ተቀምጣ አንዱን ጽፌ ሳልጨርስ ሌላ ታመጣለች፤ ሁሉንም ልጻፍ ብል ወረቀቱ እዚሁ ያልቅብኛል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትዪ አውቃለሁ። አትደንግጪ፣ ማንም ምንም አልሆነም። ነገር ግን ስትደውዪ አባባን "ወጣ ብለዋል"፣ "ሸለብ አድርጓቸዋል" ስልሽ የከረምኩት ውሸት ነው። እዚሁ ነበሩ፣ ከጎኔ። መስማት ስላቃታቸው ነው ስልኩን በእጃቸው ሲገፉት የነበረው። አንቺ የላክሽላቸው የጆሮ መስሚያ ራሱ ደህና ነው። ከመስሚያው ተነስታ ጆሮ ውስጥ የምትገባው ቀጭኗ የላስቲክ ቱቦ ናት ደርቃ የተሰነጠቀችው። በፕላስተር ብንጠቀልላት ማፏጨት ጀመረች፤ ቀጥላም ጨርሶ ዝም አለች። እንዳንነግርሽ ያስማሉን እሳቸው ናቸው። "ከሰማች ልግዛ ብላ እላይ እታች ትላለች፤ ተዉአት፣ አርፋ ትሥራ" አሉ።

ምን ልበልሽ፣ ቤት ተቀምጠው ከቤት የወጡ ያህል ሆኑብን። ጨዋታ ሲደራ ፊት ፊታችንን ያያሉ፣ ሁላችንም ስቀን ከጨረስን በኋላ እሳቸው ይስቃሉ። ስምሽ ሲነሳ ግን ከከንፈራችን ይይዙታል። "ምን አለች?" ይላሉ። እኔም ጆሯቸው ሥር ገብቼ እጮሃለሁ። ይኸውልሽ፣ ያንቺን ወሬ ከእሳቸው በፊት ጎረቤት ሁሉ ሰማው። ያንቺን ድምፅ ከሰሙ ስንት ጊዜ እንደሆናቸው መቁጠሩን ትቻለሁ።

ያልጠየቅሁት መድኃኒት ቤት የለም። ሁሉም "ቱቦ ለብቻው የለንም፣ ሙሉ መስሚያውን ይለውጡ" ነው መልሳቸው። ሲጨንቀኝ ለፈጣኑ ነገርኩት። ፈጣኑ ከምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ጎን ያለው ሞባይል ጠጋኝ ነው፤ ስሙን ያወጣንለት የሰጡትን ስልክ ወራት ሳያስቆጥር ስለማይመልስ ነው። ኢንተርኔት ላይ ዓለም በሙሉ የሚገበያይበት ገበያ አለ አለኝና ቱቦዋን ፎቶ አንስቶ ፈለጋት። አገኛት! ቁርጥ እሷን። ዋጋዋ ከአንድ እሽግ ማስቲካ አይበልጥም፤ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ከዚያ "ግዛ" የሚለውን ሲጫነው ከሥሯ ሌላ ዋጋ ብቅ አለ። መላኪያ ይላል። እታለም ሙች፣ የደመወዜ ግማሽ!

ስልኩ ቢበላሽ ነው ብዬ አዘጋሁት፣ አስከፈትኩት። ያው ነው። ሌላ ሻጭ ፈለግን። እሱ "መላኪያ በነፃ" ብሎ በትልቁ ጽፏል፤ የቱቦዋን ዋጋ ስናይ ግን የመጀመሪያው ሰውዬ ቱቦና መላኪያ ተደምሮ እዚያ ቁጭ ብሏል። ሦስተኛው ወደ እናንተ አገር አልልክም ብሎ በሩን ዘጋብን፣ ምን እንዳደረግነው እንጃ። ፈጣኑ ደግሞ እስቲ ብሎ ከአንድ ቱቦ ወደ ሁለት ከፍ አደረገው፤ መላኪያው ንቅንቅ አላለም። አምስት አደረገው፤ ያው። አሥር ሲያደርገው መላኪያው ጭራሽ ቀነሰ! አንዷን ማምጣት ከብዷቸው አሥሯ የቀለለቻቸው በየትኛው ሚዛን ነው? አንቺ ዕቃ በማድረስ ሙያ ውስጥ ስላለሽ ይገባሽ ይሆናል። እኔ ግን ራሴ ዞረ። አባባ ያላቸው ጆሮ ሁለት፣ መስሚያ የሚያደርጉበት አንድ፤ አሥር ቱቦ ገዝቼ ለማን ጆሮ ላድለው?

ፈጣኑ "ለሻጩ ጻፊና ስለ መላኪያው ተከራከሪው" አለኝ። ነገሩን ለአባባ በወረቀት ጽፌ ባሳያቸው ተቆጡ። መናኸሪያ ውስጥ ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ ሲሸከሙ እንደኖሩ አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታውቂያለሽ፤ እኔ የደረስኩት ለትከሻቸው ጠባሳ ነው። "ዕቃው ላይ እንደፈለግሽ ተከራከሪ፣ የተሸካሚ ዋጋ ላይ ግን አፍሽን እንዳትከፍቺ" አሉኝ። ጨርቁን በተጠራበት ዋጋ ገዝቶ ሲያበቃ ከተሸካሚው ጋር ሳንቲም ለሳንቲም የሚተናነቀው ሰው፣ እስከ ዛሬ ቂማቸው ነው። ይህ ሁሉ ባሕርና ተራራ አቋርጦ ለሚመጣ ሰው እንዲያውም አነሰው አሉ። አንድ ሰው ቱቦዋን በትከሻው አድርጎ የሚመጣ ሳይመስላቸው አይቀርም። ቀጥለው ደግሞ፣ ቀስ ብለው፣ "እሷም የምትሠራው ይኸንኑ ነው። ዞሮ ዞሮ እንደ ልጄ ላለው ሰው ነው የሚደርሰው" አሉ። አሁን እንዲህ ሲሉ ፊታቸው እንዴት እንደበራ ብታዪ! አንቺ ከመጋዘን እያወጣሽ በየሰዉ ደጃፍ ዕቃ የምታደርሺ ነሽና፣ መላኪያው ውድ መሆኑ ያንቺ መደላደል ምስክር ሆኖላቸው አረፈ።

ስለዚህ በትእዛዛቸው ያቺን የማስቲካ ዋጋ ተከራከርን። እንዳትስቂ። እሳቸው እየነገሩኝ፣ ስለ ሻጩ ጤና፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ገበያው ጠይቀን፣ ከዚያ ዋጋ እንዲቀንስልን ለመንነው። ሻጩም ግማሹን ቀነሰ! አባባ ደስ አላቸው፣ "ጨዋ ነጋዴ ነው" አሉ። መላኪያው እንዳለ ነው። ከደመወዜ አወጣሁና ፈጣኑ ከፈለልኝ። አተረፍሽ በዪኝ ከሰርሽ በዪኝ፣ ምን እንደሠራሁ እኔም አላወቅሁትም።

ከስንት ጥበቃ በኋላ አንድ ሰው በሞተር ሳይክል መጥቶ ደጃችን ቆመ። የያዘው ካርቶን ጠቦት በግ ያስገባል። በካርቶኑ ውስጥ ሌላ ካርቶን፣ በዚያ ውስጥ አየር የተሞላ ላስቲክ፣ በላስቲኩ ውስጥ ከረጢት፣ በከረጢቱ ውስጥ ቱቦዋ። አባባ ገና ሳይከፈት ከሰውዬው እጅ ተቀብለው ከፍ ዝቅ አድርገው መዘኑትና "ምነው ቀለለ?" ብለው ግራ ገብቷቸው አዩኝ። ሰውዬውን በግድ አስቀመጡት፣ ውኃ አስቀዱለት። እኔ ቱቦዋን ገጠምኩላቸው። ስትገባ ሲጥ አለች፣ ከዚያ እማዬ ከጓዳ ስትስል ዘወር አሉ። ሰሙ! እማዬ እንባዋን መቆጣጠር አልቻለችም።

ታዲያ ጆሯቸው በተከፈተ ማግስት፣ ኧረ ምን ማግስት፣ እዚያው ቁጭ እንዳሉ፣ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ለሰውዬው ሆነ። "ልጄ፣ ከዚህ ሁሉ ገንዘብ ለአንተ ስንት ደረሰህ?" አሉት። ሰውዬው መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሳቀ። "አባቴ፣ እኔ የወር ደመወዝተኛ ነኝ፤ ፖስታም ላድርስ ማቀዝቀዣ ያው ነው። ከዘገየሁ ይቆርጡብኛል፣ ቤንዚኑም በእኔ ነው" አላቸው። አባባ የደበቃቸው መሰላቸው፣ ተሸካሚ ያገኘውን አይናገርም ብለው። "ታዲያ ገንዘቡ የት ገባ?" አሉ። ሰውዬው አውሮፕላን አለ፣ መጋዘን አለ፣ ጉምሩክ አለ፣ ቆጥሮ ቆጥሮ ሲደክመው "እኔም አላውቀውም አባቴ" አለ። ጫማው ከጎኑ ተቀዶ ነበር። አባባ ዓይናቸው ጫማው ላይ ቀረ።

ሰውዬው ሲሄድ፣ መስሚያዋ ጆሯቸው ላይ እያለች፣ ፊታቸውን ወደ ደጁ አዙረው ተቀመጡ። ማታ ላይ "ልጄስ?" አሉ። ጥሩ ይከፍሏታል እንዳልል ከየት አውቄ? ስትደውዪ ስለ ሥራሽ ስንጠይቅሽ "ደህና ነው" ትዪና ሳቅ ብለሽ ወሬውን ወደ እኛ ታዞሪዋለሽ። እስከ ዛሬ ይህን አላስተዋልኩትም ነበር።

ስለዚህ ነው የምጽፍልሽ፣ እሳቸውም ያሉት ይህንኑ ነው፤ በስልክ ትሸፋፍነዋለች፣ በወረቀት ጠይቂያት አሉ። ከእያንዳንዱ ዕቃ ለአንቺ የሚደርስሽ ነገር አለ ወይ? ስትዘገዪ ካንቺም ይቆርጣሉ? ከባድ ሲመጣ በሌላው ጫፍ የሚያነሳልሽ ሰው አለ ወይስ ብቻሽን ነሽ? ትከሻሽ የሚያምሽ ከዚያ ነው? ለእኛ የምትልኪው ከምን ተቆርሶ ነው? እኔ እንኳ ዋጋው እንዴት እንደሚሠራ ዛሬም አልገባኝም፣ ይገባኛልም ብዬ አላስብም። ያ ሁሉ ገንዘብ ከእኔ እጅ ወጥቶ፣ ከዕቃው ጋር እስከ ደጃችን የመጣው ሰው እጅ አለመድረሱ ግን ከሐሳቤ አልወጣ ብሏል።

እማዬ እቅፍ አድርጋ ትስምሻለች፤ ጓንቱን አድርጊ ትላለች። አክስታችን ጉልበቷ ተሽሏታል፣ ሰላም በይልኝ ብላለች። የእኔዋ ትንሿ ልጅ ስምሽን ትጠራለች፣ ስልክ ባየች ቁጥር አንቺ ውስጡ ያለሽ ይመስላታል። ፈጣኑም ሰላም ብሏል፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም እንጂ። አብራሽ ለምትኖረው ልጅ የሁላችንንም ሰላምታ አድርሺ።

ልዘጋው ስል አባባ ቆዪ አሉኝ። ስትደውዪ እቤትሽ ገብተሽ፣ ታጥበሽ፣ አርፈሽ አትደውዪ ብለዋል። የመጨረሻውን ዕቃ እንዳስቀመጥሽ፣ እዚያው ባደረስሽበት ቤት ደረጃ ላይ እንደቆምሽ ደውዪላቸው። መናኸሪያ ሳሉ ሰው ሸክሙን ሲያወርድ ዞር ብለው ሳያዩት፣ በአተነፋፈሱ ብቻ የተሸከመውን ያውቁ ነበር። "ምንም አትንገረኝ፤ ትንፋሿን ብቻ ታሰማኝ" ይላሉ። ስልኩን ከእጃቸው አያስቀምጡትም።

እህትሽ፣
ከቤታችን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ