በብርድ ልብስ ሚዛን ስለተመዘነው ኮምፒውተር

ለተከበሩ አቶ ባፈና
የንብረት መረከቢያ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ደብረ ብርሃን

የተከበሩ ሆይ፣ የከተማችን ውርጭ ሳይደፍርዎ፣ ወንበርዎም ሳይነቃነቅ ሰላምና ጤና እንዲበዛልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ኮምፒውተር ገጣጣሚዋ ሠናይት፣ ከአንኮበር በታች ቆላው አፋፍ ላይ ላለው የተማሪዎች ንባብ ቤት የሠራሁትን ኮምፒውተር ባለፈው ማክሰኞ «ክብደቱ ይጎድላል» ብለው ስለመለሱልኝ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ተነሥቻለሁ።

አንደኛ፣ ጥንቃቄዎ አስደንቆኛል። ኮምፒውተር ተከፍቶና ተሠርቶበት ሲፈተሽ እንጂ በብርድ ልብስ ሚዛን ላይ ሲወጣ አይቼ አላውቅም ነበር። ጥሩ ብርድ ልብስ ከባድ መሆኑን ደብረ ብርሃን ሁሉ ስለሚያውቅ፣ ጥሩ ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው ብለው መፍረድዎ ለአገር ምርት ያለዎትን ፍቅር ያሳያል። አንዴ እንኳ ሳይበራ መመለሱ ደግሞ ለመብራት ቁጠባ ጠቅሟል።

ሁለተኛ፣ ማዘርቦርዱን፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ዕቃ ሁሉ የሚሰካበትን ሰሌዳ፣ በትልቁ እንድቀይር አዘዋል። ትልቁ ለተጨማሪ ካርዶች ሰባት መሰኪያ ቢኖረውም ንባብ ቤቱ የሚሰካው አንድም ካርድ የለውም። እኔ የመረጥኩት ጎንና ጎኑ አሥራ ሰባት ሳንቲ ሜትር የሆነውን ትንሹን ነው። ጉድለቱን አልደበቅኩም፤ የካርድ መሰኪያው አንድ፣ የሜሞሪ ቦታውም ሁለት ብቻ ነው። ነገር ግን መኪና ከሚቆምበት በኋላ ዕቃ የሚወርደው በሰው ጀርባ ነው፤ የሚያርፈውም ለሁለት ተማሪ በተሠራ ዴስክ ላይ ነው። ይህን ሁሉ በጽሑፍ አቅርቤልዎ ነበር፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚለውን ግን አብሬ ባለመጻፌ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ሦስተኛውን በትሕትና ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ተናድጃለሁ። የዚያ አካባቢ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከአምስት ሳምንት በኋላ የሚፈተኑት በኮምፒውተር ነው። ወለተ ጊዮርጊስ የምትባለው ጎበዝ ተማሪ ማውስ ነክታ አታውቅም። እርስዎ ሚዛን ሲያነቡ የባከነው ቀን የእሷ ነው።

ስለዚህ አልቀየርኩም፤ አልቀይርምም። ሐሙስ ዕለት ኮምፒውተሩን እንደ ሕፃን አዝዬ ቁልቁለቱን ወረድኩ። የንባብ ቤቱ ኃላፊ አቶ ዘርአ ዳዊት አብርተው፣ ሞክረው፣ ፈርመው ተረከቡኝ። ወለተ ጊዮርጊስም እስኪመሽ ድረስ ከፊቱ አልተነሣችም። ይህን ጥፋቴን በቃለ ጉባኤ እንዲያሰፍሩልኝ እለምናለሁ።

ትእዛዝዎን በታላቅ አክብሮት አንብባ፣ በዚያው አክብሮት ያልፈጸመችው፣
ሠናይት ምስጋና

ማስታወሻ፦ ጎደለ ያሉትን አራት ኪሎ ለማሟላት፣ ከአንኮበር ቁልቁለት ያነሣሁትን አንድ ድንጋይ በካርቶን አድርጌ ለግምጃ ቤትዎ ልኬያለሁ። የንብረት ቁጥር ይለጠፍለት። ማብራት አያስፈልግም፤ ሚዛን ላይ ብቻ ያስቀምጡት፣ ያልፋል።